የመረብ ዓይን

ከሌሊቱ አሥር ሰዓት፣ ሙሮስ በጨለማ፣
ጀልባዬ ዶሪንዳ በገመዷ ቆማ፣
የምሻው አንድ ቁጥር፣ አንዲት ቀስት ነበረች፦
ነፋሱ ከየት ነው? ባሕሯስ እንዴት ነች?

ስልኬን አወጣሁት ጨው በነከሰው እጅ፤
«እንኳን ደስ አለዎት!» አለኝ የማላውቀው ወዳጅ።
ዕጣ ሳልቆርጥ ወጥቶ መኪና ሸለመኝ፣
ቀጥሎ ጠጉር አብቃይ ቅባት አስመኘኝ፤
(ራሰ በራነቴን ማን ሄዶ ነገረብኝ?)
ከቅባቱ በታች ነፋሴ ተቀብሯል፣
የቀስቷ ጫፍ ብቻ እንደ ጣት ይታያል።

መዝጊያዋ ምልክት የቅማል ዓይን ታህላለች፤
የኔ አውራ ጣት ደግሞ
አርባ ዓመት ሙሉ መልሕቅ ስትጎትት የወፈረች።
ተጫንኩ። ሳትኩ።
ሱቅ ተከፈተ።
ወደ ኋላ ብል፣ ሌላ ሱቅ ከፊቴ ተጎለተ።
ልዝጋ ስል አንዲት ሴት ሽቶ ይዛ ሳቀች፣
ሳቋን ለወደቡ ለሁሉ ለቀቀች፤
ሮኬ ከጎን ጀልባ አንገቱን አውጥቶ
«ኤላዲዮ፣ ማን ናት?» አለኝ ተደስቶ።

ነፋሱን በአፍንጫዬ ገምቼ ወጣሁ።
አፍንጫም ያረጃል።
ግማሽ መረቤን ዓለት በላው፤ ቀሪውን ተሸክሜ መጣሁ።

ሳቤላ መረቡን ጭኗ ላይ ዘርግታ፣
ክሩን በጥርሷ ቆርጣ፣ ጉዳቱን አይታ፦
«ዕድሜ ልኩን ለዓሣ መረብ ሲጥል ኖሮ
ይኸው ራሱ ቀረ በመረብ ታስሮ!
የመረብ ብልሃቱ ዓይኑ ነው» አለችኝ፤
«ሲጠብ ጭቃ ያፍሳል፣ ሲሰፋ ዓሣ ያመልጣል፤
ያንተ ግን ዓይን የለው፣ የመጣ ይገባል።»

የእህቷን ልጅ ብራይስን ጠራችልኝ፣
ጢሙ ልውጣ አልውጣ እያለ የሚያመነታ።
በቅድሚያ ስልኬ ላይ ማገጃ ጫነ፤
ከዚያ ክብሪት የምታክል ሳጥን ከዋይፋዩ ጎን ሰካ።
«ይህቺ በረኛ ናት። ገጹ ‹የሽቶ ሻጯ ቤት የት ነው?› ሲላት
‹በዚህ ስም የሚታወቅ የለም› ብላ ትመልሳለች።»
«ውሸት አይሆንም?»
«ለሌባ በር ማሳየት ነው እንዴ ጽድቁ?»
ደግሞም «ኩኪ ተቀበል ሲሉህ፣ እምቢ በል» አለና፤
እኔ ስኳር ያለብኝ፣
«ሐኪሜም ብሎኛል» አልኩት በትሕትና።

በማግሥቱ ገጹ ታጥቦ እንደ ጀልባ ወለል።
ቀስቷ ከሰሜን ምሥራቅ፤ ፍጥነቱ አሥራ አራት።
ከግርጌ ግን በደቃቅ ፊደል፦
«እባክዎ ማገጃውን ያንሱልን፤ የምንበላው ከዚያ ነው።»
ቆሜ አሰብኩበት።
እውነት ነው፣ ነፋስ ለኪም ራት ይፈልጋል፤
እኔስ መቼ ዓሣ በነጻ አድዬ?
ግን ዓሣ የገዛኝን ሰው ኪሱን አልበረብርም፣
ቤቱ ድረስ ተከትዬ
በመኝታ ቤቱ መስኮት ‹ሰርዲን! ሰርዲን!› ብዬ አልጮህም።
«ዋጋችሁን ንገሩኝ» ብዬ ጻፍኩ፤
በወር ሁለት ዩሮ አሉኝ። ከፈልኩ።

አንድ ነገር ብቻ።
እናቴ የታመመች ሰሞን
የሚታጠፍ አልጋ ፈልጌ ነበር፣ አንድ ሌሊት፣ አንድ ጊዜ።
አልጋው ሳይገዛ ቀበርናት።
እሱ ግን ዓመት ሙሉ በየማለዳው
«አሁንም ይፈልጋሉ?» እያለ ይመጣ ነበር፣
ከተኮሳ አንሶላ፣ ከሁለት ትራስ ጋር።
ስንቴ ሰደብኩት!
ዛሬ አልመጣም። በረኛዋ መልሳው ይሆናል፦
በዚህ ስም የሚታወቅ የለም።

ስለ እሷ የሚጠይቀኝ እሱ ብቻ ነበር ለካ፤
እሱ ዘንድ ገና አልሞተችም ነበር።

ሮኬ አፏጨልኝ። ሊነጋ ነው።
ገመዱን ፈታሁ፤
ነፋሱ ቀስቷ እንዳለችው ነፈሰ።